የሙሽራዋ አያት

ዕድሜያችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ መታወቂያ አታውጡ። መርካቶ መሀል መንገድ ላይ ቁሙና ሸክም የያዘ ሰው ከኋላ መጥቶ ምን ብሎ እንደሚጠራችሁ ስሙ። እነሱ አይሳሳቱም፣ ደግሞም አያዝኑም።

እኔ ሸማ ተራ ነጠላ መሸጥ የጀመርኩ ሰሞን ሁሉም «ቆንጆ፣ መንገድ!» ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና ያኔ መንገድ ቶሎ አልለቅም፤ ደግሞ እንዲለው እጠብቃለሁ። ከዚያ «እህቴ» መጣ። «እህቴ» ደህና ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ቀጥሎ «እትዬ» ተባልኩ። ሱቅ ያላት ሴት እትዬ ብትባል ክብር ነው ብዬ ተጽናናሁ። «ማዘር» ሲመጣ ግን ምግብ አልበላ ብሎኝ ሰነበተ። ባለፈው ዓመት ደግሞ አንዱ የምንጣፍ ጥቅል ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ «እማማ! ዞር በይ!» አለኝ። ዞር ብዬ ባየው ጢሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነው። እሱ እማማ ካለኝ እኔ እሱን ምን ልበለው?

ይሄን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የሽማግሌውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ብሌን ልታገባ ነው። የምታገባው ልጅ ያሬድ ይባላል፤ ጨዋ ነው፣ ሲያስነጥስ እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ዋናው ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ከዘራ የማይለያቸው፣ እሳቸው ሲናገሩ ሌላው ሰው ሁሉ ትንፋሹን የሚቆጥብላቸው አዛውንት። ሁለተኛው የያሬድ አጎት ነው። እሱ ከገባ እስኪወጣ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ቁጥር ለማሟላት የመጣ ነው የሚመስለው። ሦስተኛው ዘነበ ነው።

ስለ ዘነበ ትንሽ ላውራችሁ። ዘነበ ከሱቄ ፊት ለፊት ጋቢ ይሸጣል። አንድ ሰፈር ነው ያደግነው፣ አብረን ፊደል ቆጥረናል፣ በዕድሜ ደግሞ በሁለት ዓመት ያንሰኛል። ልጅ እያለ ንፍጡን የሚጠርገው በእኔ ቀሚስ ነበር። ታዲያ ገና አርባውን ሳያልፍ ራሱ ነጭ ሆነ። ሰው ሁሉ «ወይ ግርማ ሞገስ!» አለው። ዕቁብተኛ ሲጣላ የሚጠራው እሱ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ የሚጠራው እሱ ሆነ። አሁን ደግሞ ይኸው የልጄ ሽማግሌ።

«ስንት ሰው እያለ አንተን ለምን መረጡህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

ራሱን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ለዚህ ነዋ» አለኝ። አልዋሸም።

መጀመሪያ የመጡ ዕለት ቆመው ጠየቁ፣ ባለቤቴም «ቤተሰብ እናማክርና በሁለት ሳምንት እሁድ መልስ እንሰጣለን» አላቸው። የምናማክረው ነገር አልነበረም። ያሬድ እኛ ቤት ምሳ መብላት ከጀመረ ቆይቷል፣ የትኛው ወንበር እንደሚወላገድ እንኳ ያውቃል። ግን የሴት ልጅ ቤተሰብ በአንድ ቀን እሺ ካለ «ምነው ቸኮሉ» ይባላል። ስለዚህ ቀን ሰጥተን፣ ለስላሳ ልናቀርብላቸው ሆነና እኔ ከጓዳ ይዤ ወጣሁ። ትሪውን ሳስቀምጥ ጋሽ ወርቁ ሁለት እጄን ያዝ አድርገው፣ አንገታቸውን በአክብሮት ሰበር አድርገው፣

«እንደምን ዋሉ፣ የልጅቱ አያት ነዎት? እናቷስ የሉም?» አሉኝ።

ዘነበ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ባለቤቴ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ባለቤቴ፣ መላጣው ከአምፖሉ እኩል የሚያበራው፣ ማንም «አያት ነህ ወይ» ሳይለው የልጅቱ አባት ተብሎ ትልቁ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔስ ምን አልኩ? «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ወደ ጓዳ ተመለስኩ። እናቷ ነኝ እንኳ አላልኩም። ይሄ ነው ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ።

በማግስቱ ሱቄን ከፍቼ አኮረፍኩ። ማንን እንዳኮረፍኩ አላውቅም፣ ብቻ ነጠላውን ሁሉ እያወረድኩ እንደገና አጣጠፍኩት። ያን ቀን ደግሞ ደንበኛው ሁሉ የተማከረ ይመስል አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚጠይቀኝ። «ለእናቴ ነው፣ ደብዘዝ ያለ ጥለት ስጪኝ።» ለእናት ደብዘዝ ያለ! አንዲት ሴትዮ መጣች፣ ከእኔ የምታንስ፣ ደማቅ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በመስታወት ስታይ ፊቷ ወዲያው በራ። ከዚያ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አየችና «ኧረ እኔ አሮጊት! ሰው ምን ይለኛል?» ብላ መለሰችልኝ። ግራጫውን ገዝታ ሄደች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አላስተውለውም ነበር። ያን ቀን ግን አንጀቴን በላችኝ።

ከሸማ ተራ ወጣ ስትሉ ጥጉ ላይ ቅባትና ሽቶ የምትሸጥ ሮማን የምትባል ልጅ አለች። የሆዴን ለእሷ ነገርኳት። መርካቶ ውስጥ ለአንድ ሰው የነገራችሁት ለሁሉም ደርሷል ማለት ነው፤ ከሰዓት ምክር ይጎርፍልኝ ጀመር። አንዷ ሬት ቀቢ አለችኝ። አንዷ እንቁላል በማር። ከበርበሬ በረንዳ አንዲት ጥቁር አዝሙድ የምትሸጥ የማላውቃት ሴትዮ ሳይቀር በሰው እጅ ዘይት ላከችልኝ። መካሪዎቼ ሁሉ ሴቶች ናቸው፣ ሁሉም ሻሽ አስረዋል። ከሻሹ ሥር ያለውን አንዳቸውም አላሳዩኝም።

ሮማን ግን እንዲህ ያለ ነገር አትወድም። «እትዬ፣ የሙሽራ እናት ሆነሽ በዚህ ራስ ልትቆሚ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ብሏል» አልኳት። «አያቷ ነሽ ብሏል።»

ወዲያው አንድ የፀጉር ቀለም አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጥቁር፣ የመጨረሻው ጥቁር። ማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት መጀመሪያ ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ሞክራችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ ይላል።

«እሱ ቆዳቸው ስስ ለሆኑ ሰዎች ነው» አለች ሮማን። «መርካቶ ሲውል የኖረ ቆዳ ምን ይሆናል?»

እውነቷን ነው ብዬ ተቀበልኩ። ወረቀቱ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አቆይታችሁ ታጠቡ ይላል። እዚህ ላይ ሮማንን አልከስም፣ ጥፋቱ የራሴ ነው። እኔ የክር ሰው ነኝ። የጥለት ክር ቀለም ውስጥ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ከወጣ በመጀመሪያው እጥበት እንደሚለቅ፣ ውሎ ካደረ ግን ነጠላው አልቆ እሱ እንደማይለቅ አውቃለሁ። ስለዚህ ራሴን እንደ ክር ቆጠርኩትና ለመልሱ እሁድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት ቀለሙን ለቅልቄ፣ ላስቲክ አስሬ፣ ምስር ለቀምኩ፣ ልብስ አጣጠፍኩ፣ አንድ ተከታታይ ድራማ ከነድጋሚው አየሁ። ሲያሳክከኝ «እየያዘ ነው» እያልኩ ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ዓይኔ አልከፈት አለኝ።

ባለቤቴ ዞር ብሎ ሲያየኝ ከአልጋው ዘሎ ወረደ። «ማን ሞተ?» አለ።

እየደባበስኩ ሄጄ በቀረችልኝ ቀጭን ቀዳዳ መስታወት አየሁ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ፊቴ ላይ አንድም መስመር የለም። የዓይኔ ዳር፣ የአፌ ዳር፣ ግንባሬ፣ ዓመት ሙሉ በቅባት ስለማመጠው የኖርኩት ሁሉ በአንድ ሌሊት ጥርግ ብሎ ሄዷል። ዓይኔም አብሮ ሄደ እንጂ። ፀጉሬ ጥቁር ነው። ግንባሬም ጥቁር ነው። ሁለቱም ጆሮዎቼ ጥቁር ናቸው። ብሌን በሎሚ ብትፈትግ፣ በሳሙና ብትፈትግ፣ ቀለሙ ፍንክች አላለም። በደንብ ነው የያዘው።

«እማዬ፣ እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ?» አለች ልታለቅስ እየቃጣት።

«አያቷ ነዎት ሲሉኝ ሰምተሻል አይደል?»

«እና? እኔ እማዬ ነው የምልሽ።»

ነጠላዬን ተከናንቤ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባንኮኒው ጋ የቆመችው ልጅ ገና ቀና ከማለቷ «ቀለም ነው?» አለችኝ። «ሠርግ ነው ምርቃት?»

«ሽምግልና ነው።»

«ይሄ ደግሞ አዲስ ነው» አለችና ኪኒኑን ሰጠችኝ። እብጠቱ ሲጎድል ግን ቀን ይፈጃል፣ ነገን አትመኚ አለችኝ። ስመለስ ከዚህ በፊት ጎረቤታችን የነበረች ሴትዮ መንገድ ላይ አቀፈችኝ። «እሰይ! እንዴት ወፈርሽ! እንዴት አማረብሽ! ልጅ መዳር ተስማማሽ!» ቆማ ሳመችኝ። እኔ ማን እንደሆነች የለየኋት በድምፅዋ ነው።

አሁን እናንተ «ታዲያ እሁዱን ብታራዝሙትስ?» ትሉኝ ይሆናል። አይቻልም። በመልሱ ዋዜማ ቀን ማራዘም በሽምግልና ቋንቋ እምቢ ማለት ነው። ጓዳ ልደበቅ ብልም አይሆንም፤ በመልሱ ቀን እናት ካልታየች «እናትየው አልወደደችውም» ይባላል፣ ወሬው ከልጆቹ ቀድሞ ጫጉላ ይገባል። ብሌን ያን ቀን ስልኳን ይዛ ከክፍሏ አልወጣችም። ያሬድን እናቱ አስጨንቃ እንዳትጠይቀው ነው የምትፈራው። የልጄ ትዳር በእኔ ፀጉር ላይ ተንጠለጠለ እላችኋለሁ። ባለቤቴን ስለ ቀለሙ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ አስማልኩት፣ ጉንፋን ነው እንበላቸው ተባባልን።

እሁድ ደረሰ። ነጠላዬን ግንባሬ ድረስ ሳብኩት፣ ግንባሬ ተሸፈነ፣ ጆሮዬ ግን ወጣ። ጆሮዬን ስሸፍን አገጬ ወጣ። አዙሬ ገልብጬ፣ ግራ ቀኝ ጠቅልዬ፣ በመጨረሻ ከዓይኔ ቀዳዳ በቀር ምንም እንዳይታይ አደረግኩና ሳሎን ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳያልቅለት አይቀመጥም፣ እነሱም ቆሙ። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «እንግዲህ በቀጠሯችን መሠረት...» ብለው ጀመሩና እኔን አዩኝ። ቆም አሉ። ዘነበም አየኝ። አጎትየውም አየኝ። ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ።

«ሐዘን ላይ ናችሁ እንዴ?» አሉ ጋሽ ወርቁ ቀስ ብለው።

«ኧረ ደህና ነን! ጉንፋን ነው፣ ጉንፋን ይዟት ነው!» አለ ባለቤቴ፣ ሳይጠየቅ ጮክ ብሎ።

«ጉንፋን ነጠላ አያዘቀዝቅም» አሉ ጋሽ ወርቁ።

እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ። ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አገጬ ሥር ተጠምጥሟል። ነጠላ አዘቅዝቄያለሁ! ሰው የሞተባት ሴት እንደምትለብሰው አድርጌ ለብሻለሁ! ዕድሜዬን ሙሉ ነጠላ የሸጥኩ ሴት፣ ሰው ለለቅሶና ለሠርግ እንዴት እንደሚለብስ ሳስተምር የኖርኩ ሴት፣ በልጄ ቀን አዘቅዝቄ ቁጭ አልኩ። ዓይኔ ደግሞ ሳምንት ያለቀሰ ሰው ዓይን ነው።

ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን ከግድግዳው አነሱ። «የመጣነው ልጅ ልንለምን ነው። እናት እንዲህ አልቅሳ፣ እንዲህ ከፍቷት ሳለ ልጇን አንወስድም። ለልጁም አይበጀው፣ ለልጅቱም አይበጃት። እንሂድ» አሉ።

ዘነበ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። «ቅር ያለሽ ነገር ከነበረ ፊት ለፊትሽ ነው የምውለው» አለኝ። «ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አዝኖብኛል፣ ከልቡ ነው ያዘነብኝ።

ብሌን ከበሩ ጀርባ ቆማ ትሰማለች። «እማዬ!» አለች። ልጅ ሆና ሕልም አይታ ስትባንን እንዲሁ ነበር የምትጠራኝ።

ብድግ አልኩ። ነጠላውን ከላዬ ገፍፌ ወንበሩ ላይ ጣልኩት።

ያዩትን ለእናንተ መንገር ይቸግረኛል። የኮፈሰ ፊት፣ የጠቆረ ግንባር፣ ሁለት ጥቁር ጆሮ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ዕድሜ የማያውቀው ጥቁር ፀጉር። አጎትየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«አላለቀስኩም» አልኩ። «ሰውም አልሞተብኝም። ቀለም ነው። ፀጉሬን ቀለም ተቀብቼ ነው ያበጥኩት።»

«ምን አድርጎሽ?» አሉ ጋሽ ወርቁ። ሊቀልዱ አይደለም፣ በእውነት አልገባቸውም። እሱ ነው ያናደደኝ።

«ምን አድርጎሽ ይላሉ? አያቷ ነዎት ወይ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

እኔ አንዴ ከተከፈትኩ አልዘጋም።

«ይሄ ዘነበ በሁለት ዓመት ያንሰኛል! እሱ ሲሸብት ግርማ ሞገስ አላችሁት፣ የሰው ልጅ እንዲለምንላችሁ አከበራችሁት። እኔ ስሸብት ከጓዳ ለስላሳ የምታመላልስ አያት አደረጋችሁኝ። ያው ሽበት ነው እኮ! ከአንድ ሰፈር የወጣ ሽበት ነው! ልጁን እወደዋለሁ፣ ልጄን ሰጥቻችኋለሁ፣ ድሮም ሰጥቻችኋለሁ። እናቷ ግን እኔ ነኝ። በዚያን ቀን ማለት ነበረብኝ፣ ይኸው ዛሬ አልኩ።»

ይሄን ብዬ ተቀመጥኩ። ነጠላው ላይ ነው የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ የተናገረው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አጎትየው! ከመጣ ጀምሮ ትንፍሽ ያላለው አጎትየው «እውነቷን ነው» አለ። ከዚያ ደግሞ ዝም አለ።

ጋሽ ወርቁ ከዘራቸውን ወደ ግድግዳው መለሱት። «ዓይኔ ደክሟል ብዬ ላመካኝ ነበር» አሉ። «ግን በደንብ ነው ያየሁሽ። ዘነበ በር ላይ እናቷ መሆንሽን ሲነግረኝም አፍሬ ነበር፣ ተመልሼ ይቅርታ መጠየቅ ግን ከበደኝ። አጥፍቻለሁ ልጄ።» ይሄን ብለው ጉልበታቸውን ሸብረክ ሲያደርጉ ባለቤቴ ሮጦ ደገፋቸው።

አሁን ችግር ሆነ። ሽማግሌው ራሳቸው ተጣሉ፣ ሽማግሌውን ማን ያስታርቅ? ዘነበ ግራ ቀኝ አየ፣ ከእሱ በቀር ሰው የለም። መሀላችን ቆሞ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ እንደለመደው ጀመረ። «እንግዲህ ጥፋታቸውን አምነዋል፤ አንቺም ለእኔ ብለሽ፣ ለዚህ ለሽበቴ ብለሽ...»

«ለየትኛው ሽበት?» አልኩት።

ቆም ብሎ አሰበ። «ለሁለታችንም» አለ። «የአንቺም እስከ ዓርብ ነበረ እኮ።»

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ከዚያ ባለቤቴ፣ ለሁለት ሳምንት የያዘውን ሳቅ ሁሉ ለቀቀው። እኔም ልስቅ ስል ፊቴ ተወጥሮ አላስቀኝ አለ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባልን፣ ተሳሳምን። ማንን ሁለት ጊዜ እንደሳምኩ አላውቅም፣ ዓይኔ አያይም። ብሌን ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ሽማግሌዎቹም በመጨረሻ ተቀመጡ።

ሠርጉ አለፈ። ለሠርጉ ፊቴ ሟሽሾ መስመሮቹ ሁሉ በየቦታቸው ተመልሰው ነበር፤ ናፍቀውኝ ነበር መሰለኝ ሳያቸው ደስ አለኝ። ደማቅ ቀይ ጥለት ነው የለበስኩት። ያቺ ግራጫውን ገዝታ የሄደችው ሴትዮ ስትመለስ ፎቶውን አሳየኋት፣ ቀዩን ይዛ ሄደች።

በቀደም ዕለት ሮማን አዲስ ቀለም ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ሥሩ ነጭ ሆኖ ወጥቷል፣ ይሄኛው አያሳብጥም» እያለች ስታግባባኝ ዘነበ ከፊት ለፊት ተሻግሮ መጣ። ልጁ ሊያገባ መሆኑን ነገረኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ! ሽማግሌ እነማንን ልትልክ ነው?»

«ጋሽ ወርቁን ብጠይቃቸው፣ ‹እኔን ተወኝና ያቺን ሴትዮ ላካት፣ እሷ ከተናገረች እምቢ የሚል የለም› አሉኝ። ዋናዋ አንቺ ነሽ።»

ሮማን አፏን ከፍታ ቀረች። እኔም ትንሽ አፌን ሳልከፍት አልቀረሁም። በእኛ ሰፈር ሴት ለሽምግልና ስትላክ አይቼ አላውቅም።

ሻሼን ፈትቼ ጎንበስ አልኩለት። ዘነበ መነጽሩን አድርጎ፣ ጋቢ እንደሚገዛ ሰው ፀጉሬን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየ።

«ግማሹ ገና ጥቁር ነው» አለ ቅር ብሎት። «ሰዎቹ ደግሞ የድሮ ሰዎች ናቸው፣ ሽበት ይወዳሉ።»

«ለመቼ ነው ያሰባችሁት?»

«ለጥምቀት አካባቢ ነበር።»

«ከፋሲካ በኋላ አድርጉት» አልኩት። «እስከዚያ ይወጣል።»

ሮማን ቀለሙን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ዘነበ እዚያው ቆሞ ልጁ ጋ ደወለና ሽምግልናው ከፋሲካ በኋላ መሆኑን ነገረው። ልጁ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ሲጮህ እስከ እኔ ይሰማል።

«ምንም አልተፈጠረም» አለው ዘነበ። «የሽማግሌዋ ፀጉር ገና አልደረሰም።»